ዓይን ቀድሞ ይዞራል

ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሞንተሬይና በሳሊናስ መካከል ባሉት ኮረብታዎች ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ ላጉና ሴካ የሚባል የእሽቅድድም ትራክ አለ። አንዱ ዙር 3.6 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባዎቹም 11 ናቸው። ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን አንድ ቦታ ነው፤ ኮርክስክሩ የሚሉት 8ኛው ኩርባ። ሞተረኛው ዳገቱን ሽቅብ እየጋለበ ይመጣል። አናቱ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ መታጠፍ አለበት፤ መታጠፍ በሚጀምርበት ቅጽበት ግን ከፊቱ የሚታይ አስፋልት የለም። የሚታየው ሰማይና ከማዶ ያሉት የዛፎች አናት ብቻ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ግራ፣ ወዲያውም ወደ ቀኝ ተጠማዝዞ በ140 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ 18 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል።

በሞቶጂፒ፣ በዓለም የሞተር እሽቅድድም ሻምፒዮና፣ ቫለንቲኖ ሮሲ በ2008 ኬሲ ስቶነርን እዚህ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ አፈር እየረገጠ ቀድሞታል። በ2013 ደግሞ ማርክ ማርኬዝ ራሱን ሮሲን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘዴ ቀደመው። ይህን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ኮርክስክሩ የዓለም ሻምፒዮኖች ብቻ መድረክ ይመስለዋል። ነገር ግን ውድድር በሌለባቸው ቀናት ከፍሎ የሚገባ ማንኛውም ሞተረኛ እዚያው አስፋልት ላይ ሊነዳ ይችላል። የትራክ ቀን የሚባለው ይህ ነው። አሸናፊ የለም፤ ሽልማት የለም፤ ሰዓት ይዞ የሚቆም ዳኛም የለም። ነርሱም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም የራሱን ሞተር ይዞ ይመጣል፤ ነድቶ፣ ተምሮ ይመለሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሲጨነቅ የሚያድረው ስለ ድፍረቱ ወይም ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። እኔ ግን ይህ ጭንቀት ቦታውን ስቷል እላለሁ። ዛሬ የሚሸጥ ማንኛውም ደህና ሞተር፣ ጎማውም ጭምር፣ ጀማሪው ከሚያምነው እጅግ በላይ ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ አቅም የሚያንሰው የነጂው ዓይን ነው። የት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያይ፣ ያየውንስ መቼ ትቶ ወደሚቀጥለው እንደሚሻገር የተማረ ሰው ቀሪው ነገር አብዛኛው በራሱ ይከተልለታል።

ቀኑ የሚጀመረው ከባሕር የሚመጣው ጭጋግ ገና ሳይገፈፍ ነው። ብዙዎቹ ሞተራቸውን በፒክአፕ ወይም በተሳቢ ጭነው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚጠብቃቸው ፍተሻ ነው። ፈታሹ የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደቀረ በባትሪ አብርቶ ያያል፤ ካቴናውን ከፍና ዝቅ አድርጎ ልልነቱን ይለካል፤ የፊት ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን ወደፊት ይገፋል። የነዳጅ እጀታውን አዙሮ ሲለቀው እጀታው ወዲያው ካልተመለሰ ያ ሞተር ትራክ ላይ አይወጣም። ከሥሩ የዘይት ጠብታ ከተገኘም እንደዚያው ነው፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይጥላልና።

ለጀማሪው እንግዳ የሚሆንበት የስፖኪዮው ነገር ነው። ስፖኪዮ ይፈታል፤ ካልተፈታ በፕላስተር ይሸፈናል። የፊት መብራቱና ፍሬቻውም ፕላስተር ይለጠፍባቸዋል፤ ሞተሩ ቢወድቅ ስብርባሪው መንገድ ላይ እንዳይበተን ነው። ስፖኪዮው ግን ሌላም ምክንያት አለው፤ ነጂው ወደኋላ እንዳያይ። ከተማ ውስጥ ወደኋላ የማያይ ሞተረኛ ዕድሜው አጭር ነው። ትራክ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ በደህና የመቅደም ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ከኋላ በሚመጣው ላይ ይወድቃል፤ ከፊት ያለው ግዴታው መስመሩን ጠብቆ መሄድና ድንገተኛ ነገር አለማድረግ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች የፍጥነት መለኪያውንም ሸፍኑት ይላሉ። ከዚያ ቀን ጥበቦች ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ፤ ጀማሪው ገና ኮርቻው ላይ ሳይወጣ ዓይኑን ከሚሰርቁት ነገሮች ሁለቱ ተነሥተውለታል።

ልብሱ ቆዳ ነው፤ አንድ ወጥ የሆነ፣ ወይም ከላይና ከታች በዚፕ የሚያያዝ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማ፣ የእጅጌውን ጫፍ ደርቦ የሚይዝ ጓንት፣ የጀርባ መከላከያ፣ ሙሉ ሄልሜት። ሞቶጂፒ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለተወዳዳሪዎቹ ሲነፋ አንገትና ትከሻን የሚከላከል ኤርባግ ግዴታ አድርጓል፤ ዛሬ ያው ዕቃ ለተራ ነጂም ይሸጣል፤ አቅሙ ያለው ሰው ከማንኛውም የሞተር ማሳመሪያ በፊት እሱን ቢገዛ ይሻላል። ትራክ ከአውራ ጎዳና የሚለይበት ብዙ ደግ ነገር አለው፤ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ የለም፣ ከመንገዱ የሚወጣውን የሚቀበል ሰፊ ጠጠርና ሣር አለ፣ አምቡላንሱም ቆሞ ይጠብቃል። ቢሆንም ሰው የሚጎዳበት፣ አንዳንዴም የሚሞትበት ቦታ ነው። ጠዋት ላይ የሚፈረመው ወረቀት ይህንኑ በግልጽ ይናገራል፤ ማንበብ ይገባል።

ከዚያ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም። ነጂዎች በሦስት ቡድን ይከፈላሉ፤ ፈጣኖቹ፣ መካከለኞቹ፣ ጀማሪዎቹ። እያንዳንዱ ቡድን በየሰዓቱ 20 ደቂቃ ትራኩ ላይ ይወጣል። የባንዲራዎቹም ትርጉም ይነገራል። ቢጫ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው። ቀይ ከሆነ ሁሉም ፍጥነቱን በረጋ ሁኔታ ቀንሶ ይወጣል። ጥቁር ባንዲራ ወደ አንድ ነጂ ከተጠቆመ ጉዳዩ እሱን የሚመለከት ነው። ቀይና ቢጫ መስመር ያለው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ዘይት ወይም ስብርባሪ አለ ማለት ነው። በስብሰባው ላይ ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ትራክ ላይ ግን ጀማሪው የመጀመሪያዎቹን የባንዲራ ጣቢያዎች ሳያያቸው ያልፋቸዋል፤ ባንዲራ ያዡ ሰው በግልጽ ቆሞ ሳለ።

ለምን አያየውም? ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው አሜሪካዊው አሠልጣኝ ኪት ኮድ ነው። በ1980 የካሊፎርኒያ ሱፐርባይክ ትምህርት ቤትን ከፈተ፤ በ1983 ያሳተመው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይነበባል። ኮድ የነጂን ትኩረት በኪሱ እንዳለ 10 ዶላር ቆጠረው። አዲስ ነጂ ማርሹን ለመቀየር ሁለት ዶላር ይከፍላል፣ ፍሬኑ ላይ አምስት ዶላር ያጠፋል፣ ከኋላው ለሚሰማው የሞተር ድምፅ ሦስት ዶላር ይወጣበታል። ባንዲራው ጋ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። ልምድ ማለት የገንዘቡ መብዛት አይደለም፤ 10 ዶላሩ 10 ዶላር ሆኖ ይቀራል፣ የየሥራው ዋጋ ግን እየወረደ ይመጣል። ይህን ሳነብ ሰው ማንኛውንም የእጅ ሙያ እንዴት እንደሚማር ከዚህ አጥርቶ የነገረኝ እንደሌለ ተሰማኝ።

የመጀመሪያው ፈረቃ ስለዚህ ዋጋው እንዲረክስ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ጀማሪዎቹ በአሠልጣኝ ጀርባ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ፤ መቅደም የለም፤ ፍጥነቱ ከአውራ ጎዳና ፍጥነት ብዙም አይዘልም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ኮኖች ይቆማሉ፤ ፍሬን የሚያዝበት፣ መታጠፍ የሚጀመርበት፣ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ የሚጠጉበት፣ የሚወጡበት። ጎማውም ገና ቀዝቃዛ ነው። መሬቱን የሚነካው የጎማ ክፍል ለእያንዳንዱ ጎማ ከመዳፍ አይሰፋም፤ ላስቲኩ ሞቆ ካልለሰለሰ ያችም ክፍል አስፋልቱን በደንብ አትጨብጥም። የተወዳዳሪዎቹ ለስላሳ ጎማ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ 80 ዲግሪ ድረስ ሞቆ ነው የሚወጣው። የጎዳና ጎማ ይህ አያስፈልገውም፤ ሁለት ሦስት ረጋ ያሉ ዙሮች ይበቁታል። ጀማሪ በሞተሩ የጎዳና ጎማ መምጣቱ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚገለጠው በሁለተኛው ፈረቃ ነው። አሁን ጀማሪው ለብቻው ነው። ቀጥታው ላይ ደስ ይለዋል፤ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይወረወራል። ከዚያ ኩርባው ይመጣል፤ ከጠበቀው ፈጥኖ ይመጣል። በ150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ሰከንድ ወደ 42 ሜትር ናት። ዓይኑ ከፊት ጎማው ጥቂት ሜትር ርቆ መሬቱ ላይ ተተክሏል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ድንገት የሚደርስበት ይመስለዋል። ትከሻው ይወጠራል፤ እጁ መሪውን አንቆ ይይዛል። ኩርባው መሐል ላይ ፍጥነቱ የበዛ ይመስለዋል፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑ የሚሮጠው ወደሚፈራው ነገር ነው፤ ወደ ውጭው ጠርዝ፣ ወደ ጠጠሩ። ያየውም ወደዚያው ይወስደዋል። ፍሬን ሲይዝ ያጋደለው ሞተር ቀና ይላል፤ ቀና ያለ ሞተር ደግሞ ኩርባውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ጠጠሩ። ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ይዞ በዚያው ቦታ ያለ ችግር የታጠፈ ሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት አልፎታል። የሞተሩ አቅም አላለቀም ነበር።

አሠልጣኙ ከኋላ ሲከተል ይህን ሁሉ ከሄልሜቱ ያነባል። ኩርባው ውስጥ ገብቶ ሳለ የጀማሪው ሄልሜት ወደፊት ቀጥ ብሎ ከቀረ ዓይኑም ቀርቷል። አሠልጣኙ ቀድሞት ያልፍና በእጁ የራሱን ኮርቻ ጀርባ መታ መታ ያደርጋል፤ ተከተለኝ ማለት ነው። ቀጥሎ ሁለት ጣቱን ወደ ዓይኑ አመልክቶ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ኩርባው መውጫ ይጠቁማል። በሚቀጥለው ኩርባ ራሱ አጋንኖ ያሳየዋል፤ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ እየሄደ ሳለ የአሠልጣኙ ጭንቅላት ቀድሞ ዞሯል፤ አገጩ ወደ ትከሻው ተጠግቷል። የውስጠኛውን ኮን ገና ሳይደርስበት ትቶት መውጫውን እያየ ነው። ጀማሪው ይህን ሲያደርግ የሚሰማው ነገር ያስደንቃል፤ ሞተሩ ሳይዘገይ መንገዱ ይዘገያል። ርቆ ለሚያይ ዓይን ነገሮች ቀስ ብለው ይቀርባሉ፤ እጅም ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

እዚህ ላይ እጅ ምን እንደሚሠራ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሞተረኛ ለዓመታት ነድቶም አያውቀውም። ሞተር ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደፊት በመግፋት ነው። ይህን ሲያደርግ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ያመራል፤ ከነጂውና ከሞተሩ ክብደት ሥር ይወጣል፤ ክብደቱም ወደ ቀኝ ያጋድላል። ካጋደለ በኋላ ጎማው ራሱ ወደ ቀኝ ዞሮ ይከተላል። አውሮፕላን ከመሥራቱ በፊት ብስክሌት ይሠራ የነበረው ዊልበር ራይት ይህን አስተውሎ ነበር፤ ብስክሌት ነጂዎችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ሲጠይቃቸው መሪውን ወደ ግራ ነው የምናዞረው ይሉታል፤ እያንዳንዳቸው ግን ሳያውቁት መጀመሪያ ወደ ቀኝ ያዞሩት ነበር። ኪት ኮድ ይህን የሚጠራጠሩ ተማሪዎች ስለበዙበት ከሻሲው ጋር የተበየደ፣ የማይዞር ሁለተኛ መሪ ያለው ሞተር አሠራ። ተማሪው ያንን ይዞ ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ እየጣለ ለመታጠፍ ይሞክራል፤ ሞተሩ ትንሽ ይወላገዳል እንጂ በወጉ አይታጠፍም። አንድ ጊዜ የሞከረው ሰው ከዚያ ወዲያ አይከራከርም።

ማጋደሉስ እስከምን ድረስ ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። 41 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ በ36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር ሚዛኑን ለመጠበቅ 14 ዲግሪ ያህል ማጋደል ይበቃዋል። በዚያው ኩርባ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ 72 ቢያስገባ ግን ማጋደሉ 45 ዲግሪ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ብቻ የነዳ ሰው ሰውነቱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው እንደ መውደቅ ይሰማዋል። ሰውነትን ወደ ውስጥ አውጥቶ መንጠልጠል የመጣውም ከዚህ ነው፤ የነጂው ክብደት ወደ ኩርባው ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ትንሽ ቀና ብሎ ያንኑ ፍጥነት ይዞ ይታጠፋል። ፊንላንዳዊው ያርኖ ሳሪነን በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ እየነዳ ዓለምን አስገረመ፤ አሜሪካዊው ኬኒ ሮበርትስ ጉልበቱን አስፋልት እስኪነካ አውርዶ በ1978፣ በ1979 እና በ1980 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጀማሪዎች ሁሉ ፎቶ ላይ ያዩትን ጉልበት ማስነካት ይመኛሉ። በመጀመሪያው ቀን ይህን የሚያሳድድ ሰው ትኩረቱን የሚከፍለው ለጉልበቱ ነው፤ ለዓይኑ የሚቀረው የለም። እንዲተወው አጥብቄ እመክራለሁ።

ፍሬን ላይ አሠልጣኞች አይስማሙም። አንዳንዶቹ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየለቀቁ ኩርባው ውስጥ ድረስ መግባትን ከመጀመሪያው ቀን ያስተምራሉ፤ ሌሎቹ ፍሬን በቀጥታው ላይ ይለቅ፣ ከዚያ ይጋደል ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ዘዴ የኋላ ኋላ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ቀን ግን እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አዲስ ነገር ለማስተዋል ትኩረቱ አይበቃምና። አያያዙ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። መጀመሪያ በቀስታ ጫን፤ ክብደቱ ወደፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማው መሬቱን ይጨብጣል፤ ከዚያ አጥብቀህ ያዝ። በድንገት ከተያዘ ጎማው ክብደቱ ሳይደርሰው ይቆለፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ በሙሉ አቅሙ የሚቆም ሞተር ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 44 ሜትር ያህል፣ ከ200 ግን 175 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዓይን ይህን በራሱ አይገምትም፤ ኮኑን መለያ አድርጎ መያዝ የግድ ነው።

አሁን ወደ ኮርክስክሩ። ጀማሪው እዚያ የሚሳሳተው ከዳገቱ አናት ላይ አስፋልቱን ለማየት ሲጠብቅ ነው። አስፋልቱ እስኪታይ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲታየው ረፍዷል። እዚያ የሚያስተምሩ ሰዎች መላው ያልተቋረጠ ቅደም ተከተል መሆኑን ይነግሩታል። ፍሬኑ አናቱ ላይ ሳይደርስ፣ ዳገቱ ራሱ እያገዘው ይጠናቀቃል። ወደ ግራ የሚታጠፈው በጠርዙ ምልክት ነው። ሞተሩ ግራውን ሳይጨርስ ዓይኑ ከማዶ ካለው ዛፍ ላይ ያርፋል፤ ወደዚያ ሲያመራ ትራኩ ከሥሩ ይወርድለታል። ቁልቁሉን ሲጀምር ዛፉን ትቶ ከታች ያለውን የቀኙን ኩርባ መውጫ ያያል። ዓይኑ ያልታየን መንገድ መከተል አለበት ማለት ነው፤ ያንን የሚያስችለው ደግሞ ቦታውን አስቀድሞ በእግር ወይም በዝግታ ዙሮች ማጥናቱ ነው። ፈጣኖቹ ነጂዎች ያለ ጥርጣሬ ሲያልፉት የሚታየው ድፍረት አብዛኛው ትዝታ ነው። የሞቶጂፒ ተወዳዳሪዎች ዙሩን በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ገደማ ይጨርሱት ነበር፤ የመጀመሪያ ቀን ጀማሪ ከ2 ደቂቃ በላይ ቢወስድበት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። መሪውን አንቆ የያዘ ሰው ክንዱ ይደነዝዛል፤ በጉልበቱ የነዳጅ ታንኩን አጣብቆ እጁን ያላላ ግን ብዙ ይቆያል። ውኃ በየፈረቃው መሐል መጠጣት አለበት፤ ጥማት ትኩረትን ይጎዳል። ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ ጀማሪው ነገሩ እንደገባው ይሰማዋል፤ ሰውነቱ ግን ደክሟል። ብዙ የነዱ ሰዎች የመጨረሻውን ፈረቃ ትተው ሞተራቸውን የሚጭኑት ለዚህ ነው። ጀማሪውም ዓይኑ ወደ ፊት ጎማው መመለስ እንደጀመረ ከተሰማው በዚያው ዙር እጁን አንሥቶ ይውጣ።

ይህን ለመሞከር ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው ምዕራብ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል ትራክ አለው፤ ለንደን ያለ ኬንት ውስጥ ብራንድስ ሃች አለው፤ ዱባይ ያለ ዱባይ አውቶድሮም አለው። ሞተሩም ትልቅ መሆን የለበትም። 300 ወይም 400 ሲሲ ሞተር ቀጥታው ላይ ስለማይወረወር ኩርባው የሚደርሰው ዓይን በሚችለው ፍጥነት ነው፤ 1000 ሲሲ ይዞ የመጣ ጀማሪ ግን ቀጥታው ላይ ያገኘውን ሁሉ ኩርባው ላይ በፍርሃት ያባክነዋል። ከሞተሩ መጠን ይልቅ አዘጋጁን መምረጥ ይበልጣል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለአንድ አሠልጣኝ ስንት ጀማሪ እንደሚመደብ፣ አሠልጣኙም ትራኩ ላይ ከኋላ ተከትሎ ያይ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጠራ መልስ የማይሰጥ ከሆነ ሌላ አዘጋጅ መፈለግ ነው።